ስለ ሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ስትጽፉ እነዚህን ተዉ

ጎንደር ላይ የታሪክ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳማክር አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ያማርረኛል፤ የማኅበር መሪ ሁሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ይሆናል። ቆራጥ፣ ቁጡ፣ ብቸኛ፣ በመጨረሻም የተከዳ። ቋራ ቅርባችን ስለሆነ ይሆን? አቶ በየነ ሰሎሞን በዚህ ልክ አልሰፋ ሲሉት ተማሪው «ለመንግሥት ያደሩ ለዘብተኛ» ብሎ ይዘጋቸዋል። እሺ፤ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የተጀመረው የአራት ቀን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ማን ነበር? እኚሁ «ለዘብተኛ»! ሰውየው በአንድ ሌሊት ጠባያቸውን አልለወጡም። ነዳጅ ተወድዷል፣ መምህራንና ታክሲ ነጂዎች አድማ መትተዋል፣ ጦሩ አምጿል፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ወርዷል። ከዚያ በፊት ግን ማኅበሩ የሚንቀሳቀሰው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210/1956 በተፈቀደለት መጠን ነበር፤ ከአሠሪ ጋር ያለው ክርክር ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ይሄዳል፣ በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋምም 50 ሠራተኛ ያስፈልጋል። አዋጁን ሳታነቡ በሰው ጠባይ ላይ አትፍረዱ።

ከአቶ በየነ በኋላ ማኅበሩን የመሩትን ማርቆስ ሐጎስንም እንዲሁ ብቻቸውን አታቁሟቸው። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ያሰራቸው ከሌሎች ሁለት መሪዎች ጋር ነው፤ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም የሚለውም የማኅበሩ ጉባኤ ውሳኔ ነበር።

ንቅናቄው ማኅበሩ በተመሠረተበት በ1955 ዓ.ም. የተወለደ አይምሰላችሁ። የባቡር ሐዲድና የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ከዚያ በፊት ሥራ አቁመዋል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «መሪያችሁ ዴሞክራት ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አዘዞ አንድ የቀድሞ የማኅበር ሰው ዘንድ ከተማሪዬ ጋር ሄጄ ነበር። ለዚህ ጥያቄ አባታችን «ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍስ ይማር» ብለው ዝም አሉ። «መዋጮውን ማን ይሰበስብ ነበር? የሣጥኑ ቁልፍስ ማን ዘንድ ይቀመጥ ነበር?» ስንላቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ሁለት ቁልፍ እንደነበረ፣ ሊቀ መንበሩ አንዱን እንኳን እንዳይዙ ሠራተኛው እንደከለከለ፣ ሊቀ መንበሩም በዚህ የተነሣ አንድ ወር ሙሉ እንዳኮረፉ አጫወቱን። ልጄ፣ የአመራር ስልት የምትለው ይኸው ነው፤ ጻፈው።

የዘመን አቆጣጠር አታደባልቁ። አንዱ ተማሪ የ1966ቱን አድማ በፈረንጆች 1966 አድርጎት፣ የአክሊሉ ካቢኔ ስምንት ዓመት ቀድሞ ወደቀ።

የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርም (መኢሠማ) የቀድሞው ማኅበር በሌላ ስም አይደለም። ደርግ ቀዳሚውን ከበተነ በኋላ በ1969 ዓ.ም. የቆመ ነው፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ ብዙም ሳይቆዩ ተገድለዋል። የሁለቱን ቃለ ጉባኤ በአንድ ምዕራፍ ያደባለቀ ረቂቅ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሳላነብለት እመልሰዋለሁ።