ዓይን የሚያጥበረብር ቦምብ ለጌማችሁ እንዴት እንደሚሰራ

ድሬዳዋ ላይ ከቀትር ፀሐይ ተነስቶ መጋረጃ የተጋረደበት ጌም ቤት የገባ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ያውቀዋል። በሩ ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ማን እንደተቀመጠ፣ የትኛው ወንበር ባዶ እንደሆነ አይታያችሁም። ውስጥ ያሉት ግን እናንተን ጥርት አድርገው ያያሉ፤ ስማችሁን እየጠሩ ይስቃሉ። ቆየት ሲል ነገሩ ቀስ እያለ ይገለጣል። ተኩስ ጌም ውስጥ ያለ ፍላሽ (ዓይን የሚያጥበረብር ቦምብ) የሚሰጣችሁ ያቺን ጥቂት ጊዜ ነው። እናንተ እያያችሁ ሌላው የማያይባትን።

እኔ ከሥራ መልስ በአሮጌ ላፕቶፕ አንድ ትንሽ ተኩስ ጌም እየሠራሁ ነው። ዘመኑ የወደፊት ነው፣ ቦታው የሐረር ጁገል፣ ጠላቶቹ ደግሞ ሮቦት ጅቦች። (መሳቅ ይቻላል።) ፍላሹን በአንድ ምሽት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እናንተን ሦስት ሳምንት እንዳይፈጅባችሁ የተማርኩትን ላውራችሁ።

የምጠቀመው ጎዶት የሚባለውን ኢንጂን፣ ማለትም የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ደከም ያለ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ዩኒቲ የሚባለውን ሌላ ኢንጂን ለምትጠቀሙ የመሣሪያዎቹ ስም ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው። ኮድ የማትጽፉም ብትሆኑ አንብቡት፤ ቢያንስ ቀጥሎ ስትጫወቱ ለምን እንደታወራችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ፦ ምን ዓይነት መታወር እንደምትፈልጉ ወስኑ

እውነተኛው ፍላሽባንግ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለእንግሊዝ ልዩ ኃይል የተሠራ ነው። ዓለም ያወቀው በ1980 ለንደን በሚገኘው የኢራን ኤምባሲ የታገቱትን ለማስለቀቅ ሲጠቀሙበት ነው። የአሜሪካኑ ኤም 84 በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ ከ170 እስከ 180 ዴሲቤል ይጮኻል፣ ብርሃኑም ከ1 ሚሊዮን ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ) በላይ ነው። እንዲህ ያለ ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ ሬቲና ላይ ያለው ብርሃን ተቀባይ ቀለም ባንዴ ይነጣል። ቀለሙ እስኪመለስ ድረስ ዓይን አዲስ ምስል በደንብ አይቀበልም፤ የቅድሙ ምስል ብቻ ይንሳፈፍበታል።

የሳይንስ ልብወለድ ጌም ግን ለባሩድ አይገዛም። ሄሎ 3 በ2007 ሲወጣ ፍሌር የሚባል መሣሪያ ነበረው። ሲለቀቅ አካባቢውን ነጭ ያደርገዋል፤ ካያችሁት ደግሞ የወረወራችሁትን እናንተንም አይምርም። ዴስቲኒ የሚባለው ጌም ውስጥ ታይታን የሚባለው ተዋጊ ፍላሹ ከመብረቅ የተሠራ ነው። ታይታንፎል 2 ውስጥ የኤሌክትሪክ ቦምብ አለ፤ እይታን ያዛባል፣ እርምጃንም ያዘገያል። በ2020 የወጣው ቫሎራንት ነገሩን በጣም አስፍቶታል። ፊኒክስ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚወረውረው ፍላሽ አየር ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሬይና የምትባለው ገጸ ባሕርይ ፍላሽ ደግሞ አንድ ትልቅ ዓይን ናት። ያያት ሰው ሙሉ በሙሉ አይታወርም፤ ሩቁ ይጨልምበትና አፍንጫው ሥር ያለውን ብቻ ያያል።

ስለዚህ መንገዱ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። ስክሪኑን ነጭ ማድረግ፣ እይታን ማሳጠር፣ ወይም ራዳሩንና የራስ ቁሩን ስክሪን ማበላሸት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ነጩን ያዙ። ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ስህተቱ ቶሎ ስለሚታይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጠላትን ለዘለቄታው የሚያሳውር ሌዘር በወረቀት ላይ ልብወለድ ቢመስልም፣ በእውነተኛው ዓለም ሕግ የወጣበት መሣሪያ ነው። በ1995 ቪየና ላይ የጸደቀው፣ በ1998 ሥራ ላይ የዋለው ፕሮቶኮል ከልክሎታል። ጌማችሁ ውስጥ ይህን የሚይዘው መጥፎው ወገን ቢሆን ታሪኩም ያምርበታል።

ሁለተኛ፦ ብርሃኑ ይደርሳል ወይ?

ቦምቡ ሲፈነዳ ኮዱ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ከፈነዳበት ነጥብ እስከ ተጫዋቹ ዓይን ድረስ የማይታይ ክር ይዘረጋል። ክሩ ግድግዳ ከነካ ነገሩ አለቀ፤ ያ ሰው አልታወረም። ጎዶት ይህን በሬይካስት ይሠራላችኋል።

ክሩ የሚደርሰው ካሜራው ጋ ይሁን። እኔ በስንፍና የሰውየው መካከል ጋ፣ ወገቡ ላይ አድርጌው ነበር። ጁገል ግንብ ሥር ጅቦች የሚሹለኩሉባቸው ቀዳዳዎች አሉ አይደል? እነሱን ማፑ ላይ አስገብቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ሳየው ከግንቡ ውጭ የፈነዳ ፍላሽ ውስጥ የቆመውን ሁሉ ያሳውራል። ክሩ በጅቡ ቀዳዳ ገብቶ ወገብ እየነካ ነው ለካ። ዓይን ላይ ሳደርገው ተስተካከለ። አሁን በቀዳዳው የሚታወረው አጎንብሶ ያለ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይገባዋል።

የጓደኛ ገላ ብርሃን እንዳይጋርድ አድርጉ። መስታወት ብርሃን ያሳልፍ። ጭስ ካላችሁ ራሳችሁ ወስኑ፤ እኔ እንዲጋርድ አድርጌዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ወዴት እያየ ነበር?

ጀርባውን የሰጠ ሰው መታወር የለበትም። ለዚህ ሁለት ቀስቶች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ተጫዋቹ የሚያይበት አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ከእሱ ወደ ቦምቡ የሚሄደው። የሁለቱም ርዝመት 1 ይሁንና ዶት ፕሮዳክታቸውን (ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያመለክቱ የሚለካውን ስሌት) አስሉ። ፊት ለፊት ካየው ውጤቱ 1 ነው። ቦምቡ በጎኑ ከሆነ 0። ጀርባውን ከሰጠ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እስከ 1 ኔጌቲቭ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእይታ ስፋት 90 ዲግሪ ከሆነ ቦምቡ ስክሪኑ ዳር ላይ ሲሆን ውጤቱ 0.7 ገደማ ነው። ስለዚህ ከ0.7 በላይ ሙሉ ነጥብ ስጡት። ከ0.7 እስከ 0 እየቀነሰ ይሂድ። ከዚያ በታች 0.1 በቂ ነው፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ጎዶት አንድ ወጥመድ አለው። ካሜራው ወደ ፊት የሚያየው በዜድ መስመር ኔጌቲቭ በኩል ነው። እኔ ምልክቱን ረስቼ ሁለት ልጆችን ለሙከራ አስቀመጥኳቸው። አንደኛው ፍላሹን አፍጥጦ እያየ ምንም አልሆነም። ሌላው በደንብ ዞሮ ነበር፣ ስክሪኑ ግን ድርግም ብሎ ነጣ። «አቦ! ጀርባዬን ሰጥቼ እኮ ነው የታወርኩት!» ብሎ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። እውነቱን ነው። ተጫዋች ቢሸነፍ ይችላል፤ ትክክለኛውን ነገር አድርጎ ሲቀጣ ግን ጌሙን ይዘጋዋል።

አራተኛ፦ ስንት ሰከንድ?

ርቀቱን ነጥብ አድርጉት። እኔ ጋ ከ5 ሜትር በታች 1 ነው፣ ከ20 ሜትር በላይ 0፣ መካከሉ ደግሞ ቀስ በቀስ። ከዚያ ረጅሙን ጊዜ፣ 3 ሰከንድን፣ በርቀቱና በአቅጣጫው ነጥብ ታባዛላችሁ። ለምሳሌ 10 ሜትር ላይ የርቀቱ ነጥብ 0.67 ይሆናል። ሰውየው ግማሽ ዞሮ የአቅጣጫው ነጥብ 0.5 ከሆነ፣ 3 ሲባዛ በ0.67 ሲባዛ በ0.5፤ አንድ ሰከንድ ገደማ ታወረ ማለት ነው።

ቁጥሮቹን ከማፑ ጋር አስተያዩ። የጁገል መተላለፊያ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ምን ያህል ርቀት እንደሚታያችሁ አስቡት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ 20 ሜትር የሚባለው ነገር ብዙም ሥራ የለውም። ወሳኙ ማዕዘኑ ነው፣ ቦምቡን ግድግዳ አስመትቶ ማሳለፍ ነው። ሜዳ ማፕ ካላችሁ ግን ርቀቱ ላይ ብዙ ሙከራ አድርጉ።

አምስተኛ፦ ነጩን ቀቡ

ካንቫስ ሌየር (ከጌሙ ምስል በላይ የሚነጠፍ ገጽ) ላይ ስክሪኑን የሚሞላ ነጭ ከለር ሬክት (ባለ ቀለም አራት ማዕዘን) አስቀምጡ። መጀመሪያ የማይታይ ይሁን። ፍላሹ ተጫዋቹን ሲያገኘው ሙሉ ነጭ ይሆንና በትዊን (ቀስ በቀስ በሚቀይር መሣሪያ) ይደበዝዛል።

አደበዛዘዙ ላይ ግን አትቸኩሉ። የእኔ መጀመሪያ በእኩል ፍጥነት ነበር የሚደበዝዘው። ችግሩ ነጩ ትንሽ ሲሳሳ የጠላት ጥላ መታየት ይጀምራል። 3 ሰከንድ ያልኩት በተግባር አንድ ሰከንድ ሆነ። አሁን ከጊዜው 60 በመቶውን ሙሉ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ በቀሪው ይደበዝዛል። ይህን ስቀይር ፍላሹ ያለ ምንም ሌላ ጭማሪ ባንዴ ኃይል አገኘ።

ቀጥሎ ቅመሟ አለች። ፍላሹ ሲፈነዳ በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ፎቶ አንሱትና ነጩ ሲሳሳ ደብዘዝ አድርጋችሁ አሳዩት። ያ የሚንሳፈፈው የቅድሙ ምስል ነው። ካውንተር ስትራይክ ተጫውታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ምስሉ ላይ ጠላት በር ላይ ቆሞ ይታያል፤ ትተኩሳላችሁ፤ ሰውየው ግን ከሄደ ቆይቷል።

ድምፁ አጭር ሥራ ነው። ቀጭን ጩኸት ጨምሩና ሌላውን ድምፅ በሎው ፓስ ፊልተር (ቀጭን ድምፅ በሚያስቀር ማጣሪያ) አፍኑት። ሙሉ በሙሉ ግን አትዝጉት። የታወረ ሰው በእግር ኮቴ መጠርጠር ከቻለ የሚሠራው ነገር አለው። ዓይኑንም ጆሮውንም ከወሰዳችሁበት ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ያያል።

ስድስተኛ፦ ሮቦቶቹን ማሳወር

ሦስቱን ሳምንት የበላው ይሄ ነው። ቦት (ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሰው ጠላት) ዓይን የለውም። የት እንዳላችሁ የሚያውቀው ስክሪን አይቶ ሳይሆን ከሚሞሪ አንብቦ ነው። ስክሪን ነጭ ብታደርጉ ግድ አይሰጠውም፤ ግንባራችሁን ይላችኋል።

መጀመሪያ ሲታወሩ እንዲቆሙ አደረግኳቸው። ሐውልት ሆኑ። ሐውልት መተኮስ ደግሞ አያዝናናም። ቀጥሎ ወደ ዘፈቀደ አቅጣጫ እንዲተኩሱ አደረግኩ። እርስ በርስ ተጨራረሱ። ልጆቹ ይህንን በጣም ወደዱት፣ በሳቅ ሞቱ፤ ግን አንድ ፍላሽ ወርውሮ ሻይ ለመጠጣት መሄድ ተቻለ።

የሠራው ሦስተኛው ነው። ጅቡ ሲታወር የእናንተን ቦታ ማደስ ያቆማል፤ መጨረሻ ያየበትን ቦታ ግን ይይዛል። ወደዚያ ቦታ አላማውን አስፍቶ ይተኩሳል። ወርውሮ የቆመ ተጫዋች ይመታል። ወርውሮ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን የሄደ ያሸንፋል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ልጆቹ በሦስተኛው ዙር ራሳቸው ደረሱበት።

የመታወሪያ ጊዜውን በየጅቡ ትንሽ አለያዩት። ሁሉም ባንዴ ሲነቁ የመብራት ማብሪያ ይመስላል። የእኔ ጅቦች ከሰው አንድ ተኩል እጥፍ ነው የሚታወሩት። እውነተኛው ዋራባ (ጅብ) ከሬቲናው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። ሐረር ማታ ጅብ ሲበላ ያየ ሰው የባጃጁ መብራት ሲያገኘው ዓይኑ እንዴት እንደሚያበራ ያውቃል። በጨለማ ብዙ የሚያይ ዓይን ለብዙ ብርሃን ይቸገር ብዬ ነው። ሳይንሱን በትንሹ ለጥጬዋለሁ፤ ሮቦት ጅብ ስለሆነ ይቅር በሉኝ።

ሰባተኛ፦ ማምለጫ ስጡ

ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መዞሩ ደግሞ ተጨማሪ ነው። ቦምቡ ከታየ በ0.2 ሰከንድ የሚፈነዳ ከሆነ ማንም አያመልጠውም። እኔ 0.7 ላይ አቁሜዋለሁ፤ የነቃ ይዞራል፣ ያልነቃ ይበላዋል። ሲወረወር የሚሰማ የራሱ ድምፅም ይኑረው።

ሌሎች ጌሞች ማምለጫውን መሣሪያ አድርገውታል። ሬይንቦ ሲክስ ሲጅ ውስጥ ዋርደን የሚባለው ተከላካይ ፍላሽ የማይበግረው መነጽር አለው። የሬይናን ዓይን ደግሞ ተኩሶ ማፍረስ ይቻላል።

የእውነተኛው ዓይን ጉዳይ

ይህን አትዝለሉት። በ1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን አኒሜሽን በፍጥነት የሚያብለጨልጭ ትዕይንት አሳይቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሆስፒታል ገብተዋል። ብልጭታ የሚጥል በሽታ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት በላይ ብልጭታ አታሳዩ። አራት ሰው ባንዴ ፍላሽ ቢወረውርስ? ኮዱ ቆጥሮ ያግደው። ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ነጩን ወደ ጥቁር የሚቀይር ምርጫ አስገቡ። መታወሩ ያው ነው፤ ትልቁ ለውጥ ግን መብራት አጥፍቶ ለሚጫወት ሰው ነው። እኔ ራሴ ማታ ስሞክር የምጠቀመው ጥቁሩን ነው።

በኔትወርክ ከሆነ

ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ራውተር አገናኝታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ይህን እለፉት። ኦንላይን ካወጣችሁት ግን ማን እንደታወረና ለስንት ሰከንድ እንደሆነ ሰርቨሩ (ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ኮምፒውተር) ይወስን። የተጫዋቹ ኮምፒውተር ነጩን መቀባት ብቻ ይሁን ሥራው። ያም ሆኖ ነጩን ከራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚያጠፋ አጭበርባሪ አይጠፋም። ስለዚህ ሰርቨሩ አንድ ነገር ይመዝግብ፦ ሙሉ በሙሉ ታውሮ እያለ ስንት ጊዜ ግንባር መታ? አንዴ ዕድል ነው። በየዙሩ ከሆነ ልጁ ዓይኑ አልጠፋም።