ድመት ላለበት ቤት መጅሊስና ወለል እንዴት ይመረጣል

ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ሲደራጅ ቀድሞ የሚታሰበው መጅሊስ፣ ማለትም ወለል ላይ የሚነጠፈው የስፖንጅ መቀመጫ ነው። እኔም ሳቢያን ሰፈር ቤት ስከራይ ያለኝን ብር ሁሉ አውጥቼ ክሬም ቀለም ያለው መጅሊስ አሰፋሁ፤ ድመቴን ግን አላማከርኳትም። በሁለተኛው ወር ጥጉ ተቦጫጭሮ ክሩ ተንጠለጠለ። በሦስተኛው ወር በርጫ (ጫት ቅሚያ) ላይ የተቀመጠ ጓደኛዬ አፍንጫውን ይዞ «አቦ፣ ምንድነው የሚሸተው?» አለኝ።

1. ጨርቅ። ታይዋንም ሆነ መጋላ ገበያ ስትዞሩ መርፌ ቁልፍ ያዙ። ጫፉን ጨርቁ ላይ በስሱ ጎተት አድርጉት፤ ክር ካነሳ የድመት ጥፍርም ያነሳዋልና እለፉት። አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ከፈይ ይሻላል፤ ጥፍር የሚገባበት ቀለበት የለውም፣ የተራገፈ ፀጉርም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሻጩ «ሌዘር ውሰድ፣ ይወለወላል» ማለቱ አይቀርም። መወልወሉስ ይወለወላል፤ በግንቦት ሙቀት ጀርባ ላይ እንደሚጣበቅ ግን አይነግራችሁም። ቀለሙን ከድመቷ ፀጉር ጋር አቀራርቡ።

2. ስፖንጅ። ሰው ሁሉ ጨርቁን ያያል፤ ጣጣው ያለው ከሥር ነው። ሽንት ጨርቁን አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ከደረሰ ሽፋኑን ብታጥቡት ዋጋ የለውም። የድመት ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም። ደርቆ ይቀመጥና እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታው ይነሳል፤ ድመቷም ሽታዋን ተከትላ እዚያው ትመለሳለች።

ስለዚህ ስታሰፉ ሽፋኑ በረጅሙ ጎን ዚፕ ይኑረው፤ ስፖንጁም ሽፋኑ ከመልበሱ በፊት ሙሉ በሙሉ በላስቲክ ይጠቅለል፣ መጋጠሚያው ወደታች ይዙር። ልብስ ሰፊው «ይንኮሻኮሻል» ብሎ ይከራከራችኋል። በላስቲኩና በጨርቁ መሃል አሮጌ አንሶላ ጣል ይደረግ፣ ድምፁ ይቀንሳል። ሽፋን ማጠብ አያስፈራችሁ፤ የድሬ ፀሐይ ለዚህ ለዚህ ነው የምትጠቅመው።

እኔ ይህን ሳላውቅ በቆየ ሽንት ላይ፣ ያውም መስኮት ዘግቼ፣ በረኪና አፈሰስኩ። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ያወጣል፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ዓይኔ እያለቀሰ፣ እየሳልኩ በረንዳ ላይ አመሸሁ። ስፖንጁም ተጣለ። በረኪና በፍጹም! ሽንቱ ትኩስ ሳለ በጨርቅ ጫን ጫን እያላችሁ ምጠጡት፤ አትፈግፍጉ። ከዚያ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ጥረጉት። ዕጣን ለጊዜው ይሸፍን ይሆናል እንጂ አያጠፋም። ቦታው ከጠፋባችሁ ባለሱቆች ብር የሚመረምሩባትን ሐምራዊ መብራት ተውሱ፤ ሽንት የነካው በጨለማ ያበራል።

3. ወለልና ግድግዳ። ሴራሚክ ጥሩ ነው፤ ደካማ ጎኑ መጋጠሚያው ላይ ያለው ሲሚንቶ ስለሚመጥ ክፍተቱ ጠባብ ይሁን። ቀለም ያልተቀባ ሊሾም ሽንት ይመጥጣል። ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ ምንጣፍ እርሱት፤ በአንድ እጅ ተነስቶ የሚራገፍ ትንሽ ምንጣፍ ይበቃል። ግድግዳውን ከታች እስከ አንድ ሜትር ዘይት ቀለም ቀቡት፣ የውሾች መታከኪያ እሱ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ነደባ (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ የምታነጥፉም ከምንጣፉ ሥር ላስቲክ አይቅር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን የሰንደዶ ስፌቶች ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ የአክስቴ ድመት ዝቅ ብሎ የተሰቀለውን ጥፍር መሳያ አድርጋዋለች።

4. መቧጨሪያ። ድመት መቧጨር አትተውም፤ ቦታ ስጧት። ወፍራም እንጨት ላይ የቃጫ ገመድ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፤ ተዘርግታ የምትቆምበት ያህል ይርዘም፣ ሲነካ አይወዛወዝ። እኔ መጀመሪያ እንግዳ እንዳያየው ብዬ ጓዳ ደበቅኩት፤ ዞር ብላም አላየችውም። የቧጨረችው ጥግ አጠገብ ሳቆመው በሁለት ቀን ለመደች።

ቁምሳጥን ውስጥ ናፍታሊን የምታስቀምጡ ከሆነ አውጡት፤ ለድመትም ለውሻም መርዝ ነው።

ለውሻዬ የገዛሁት ነገር የለም። ግቢ ነው የሚያድረው፤ ቀን ቀን በረንዳው ሊሾ ላይ ሆዱን ለጥፎ ይተኛል፣ ምንጣፍ ባነጥፍለት በእግሩ ገፍቶት ነው።