የፈረስ ግልቢያ መከላከያ ሰደርያ እንዴት እንደሚመረጥ

የመጀመሪያውን መከላከያ ሰደርያዬን የለካሁት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር። ልክክ አለብኝ። መስታወት ፊት ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ ወደድኩት፤ ከፍዬ ወጣሁ። በማግስቱ ፈረስ ላይ ስወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ኮርቻው ላይ ቁጭ ስል የሰደርያው የጀርባ ጫፍ ከኮርቻው ጋር እየተጋጨ ወደ ላይ ይገፋል። የላይኛው ጫፍ ደግሞ ሄልሜቴን ከኋላ እየመታ ግንባሬ ላይ ይደፋዋል። አንድ ወር ታገስኩት። ከዚያ ሚስማር ላይ ሰቀልኩትና ያለ እሱ መጋለብ ጀመርኩ።

ሰደርያው ጥራቱ ጥሩ ነበር። ልኬ ግን አልነበረም። ብዙ ጋላቢዎች መከላከያቸውን የሚተዉት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ ከምንም በላይ ልክ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ከሰደርያው ምን ይጠበቃል?

ሰደርያው ውስጥ ያለው ወፈር ያለ ፎም ነው። መሬት ስትመቱ ወይም ፈረሱ ሲራገጥ ፎሙ ተጨምቆ የምቱን ጉልበት ይቀንሳል፤ የቀረውንም ወደ ሰፊ ቦታ ይበትነዋል። በዚህ መንገድ ጎድን አጥንትን፣ ከጎድን አጥንት ስር ያሉትን ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያን፣ እንዲሁም ጀርባን ከቀጥታ ምት ይከላከላል።

አንገትን ግን አይሸፍንም። አከርካሪ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ወይም ሲጠማዘዝ የሚደርሰውን ጉዳት አያስቀርም። ግማሽ ቶን ገደማ የሚመዝን ፈረስ ተገልብጦ ሰው ላይ ሲወድቅም ፎም ብቻውን አይችለውም። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ሰደርያ ለብሶ ከአቅም በላይ የሚደፍር ሰው ስላለ ነው። ደግሞም ሄልሜት ሳይኖራችሁ ሰደርያ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ቀይሩት። ሄልሜት ይቅደም።

1. የምትጋልቡበትን ሁኔታ አስቡ

በተከለለ ሜዳ በዝግታ የሚጋልብ ሰውና ጫካ ለጫካ ሽምጥ የሚጋልብ ሰው አደጋቸው እኩል አይደለም። ገና ለጋ ፈረስ የሚገራ ሰው ደግሞ በእግሩ ቆሞም ቢሆን ይመታል። መሰናክል የሚዘል ጋላቢ ለትከሻውም ማሰብ አለበት። ብዙ ሰደርያዎች ለብቻው የሚገዛ የትከሻ መከላከያ አላቸው፤ በቬልክሮ (ተጫኖ በሚጣበቅ ማሰሪያ) ይያያዛል። ለሚዘሉ ሰዎች እመክረዋለሁ።

ውድድር ካሰባችሁ የውድድሩን ደንብ ሳታነቡ አትግዙ። ሦስት ዓይነት ግልቢያ በሚፈተንበት የሦስትዮሽ የፈረስ ውድድር ውስጥ ያለው የሜዳ ላይ የመሰናክል ግልቢያ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በደቂቃ 570 ሜትር ነው። መሰናክሎቹም ሲነኩ የሚወድቁ ሳይሆኑ መሬት ላይ የተተከሉ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ሰደርያ ግዴታ ነው። የትኛውን የደህንነት ደረጃ ያሟላ ሰደርያ እንደሚፈለግ የሚነግራችሁ ደንቡ ነው።

2. ከውስጥ በኩል ያለውን መለያ ፈልጉ

ሰደርያውን ከመልበሳችሁ በፊት ገልብጡት። የተፈተነ ዕቃ ከሆነ ውስጡ ላይ የደረጃ መለያ ተሰፍቷል። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 13158 ይባላል፤ በ2018 የተሻሻለውን ፈልጉ። የአሜሪካው ደግሞ ኤኤስቲኤም ኤፍ 1937 ነው።

የአውሮፓው ሦስት እርከን አለው። እርከን 1 ዝቅተኛው ሲሆን ለክብደት ለሚጨነቁ ፈቃድ ያላቸው የእሽቅድምድም ጋላቢዎች የተሠራ ነው። እርከን 2 ከዚያ ይሻላል፤ ግን ለተለመደው ግልቢያ ከሚመከረው በታች ነው። ለእኔና ለእናንተ የሚሆነው እርከን 3 ነው። ለመደበኛ ግልቢያም፣ ለዝላይም፣ ፈረስ አጠገብ ለሚሠራ ሰውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ልክ እንደ መከላከያ ሰደርያ የተሰፉ፣ ግን ምንም ፈተና ያላለፉ ሰደርያዎች ገበያ ላይ አሉ። ቀለል ይላሉ፣ ያምራሉ፣ ሲለብሷቸውም ይመቻሉ። መለያ ከሌላቸው ግን ምን ያህል ምት እንደሚችሉ የምታውቁበት መንገድ የለም። ሻጩ የሚነግራችሁን ሳይሆን የተሰፋውን መለያ እመኑ።

3. በሜትር ተለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የሚለካችሁ ሌላ ሰው ይሁን፤ ራስን መለካት ያሳስታል። የምትለኩት ለግልቢያ የምትለብሱትን ስስ ልብስ ለብሳችሁ ነው። ወፍራም ጃኬት ከሰደርያው በላይ እንጂ ከስር አይለበስም።

የሚያስፈልጉት ልኮች አራት ናቸው። የደረት ዙሪያ፣ ሰፊው ቦታ ላይ። የወገብ ዙሪያ። ከፊት ወገብ ተነስቶ በትከሻ አልፎ እስከ ኋላ ወገብ ያለው ርዝመት። አራተኛው የጀርባ ርዝመት ነው፤ አንገታችሁን ወደፊት ስታጎነብሱ ማጅራት ግርጌ ላይ ጎላ ብሎ ከሚወጣው አጥንት ጀምሮ እስከ ጭራ አጥንት።

ከዚያ የአምራቹን የልክ ሠንጠረዥ ተመልከቱ። የሸሚዝ ቁጥራችሁ እዚህ አይሠራም። አንዱ አምራች ጋ መካከለኛ የሆነ ሰው ሌላው ጋ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ደረታችሁ ለአንዱ ቁጥር፣ ጀርባችሁ ለሌላው ከሆነ ደግሞ በአጭርና በረጅም ጀርባ የሚሠሩ ሰደርያዎችን ጠይቁ። ለሴቶች ቅርጽ የተለየ አሠራር ያላቸውም አሉ። ደረት ላይ የሚጨፈልቅ ሰደርያ ለብሶ ሰዓታት መቀመጥ ስቃይ ነው፤ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት።

4. ልበሱት፣ ጠብቁ፣ ኮርቻ ላይ ተቀመጡ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አትቸኩሉ።

ብዙዎቹ ፎሞች በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳሉ። ገና ሲለበስ እንደ ካርቶን ድርቅ ያለው ሰደርያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በኋላ ከሰውነት ጋር ይስማማል። ስለዚህ ልክ እንደለበሳችሁ አትፍረዱ። መጀመሪያ ዚፑን ዝጉ፣ ቀጥሎ የትከሻውን ቬልክሮ አስተካክሉ፣ በመጨረሻም የጎኑን ማሰሪያ በሁለቱም በኩል እኩል ሳቡ። ከዚያ ትንሽ ተንቀሳቀሱበትና ማሰሪያውን እንደገና አጥብቁ።

የፊቱ የላይኛው ጫፍ ከአንገት ግርጌ ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ላይ ይድረስ፤ ጉሮሮን ግን አይጫን። የፊቱ የታችኛው ጫፍ የመጨረሻውን ጎድን አጥንት ቢያንስ በ25 ሚሊ ሜትር ይለፍ። የጀርባው የላይኛው ጫፍ ያ ማጅራት ግርጌ ያለው አጥንት ጋ ይድረስ። ጎን ላይ የፊቱና የኋላው ክፍል ተራርቀው ጎድናችሁ ከተጋለጠ ቁጥሩ አንሷል ማለት ነው።

አሁን አንድ ሰው ሰደርያውን በሁለት ትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሯችሁ ጋ ከደረሰ ሰፍቷል። ሰፊ ሰደርያ ስትወድቁ ይዞራል፤ ሲዞር ደግሞ መሸፈን ያለበትን ቦታ ይተዋል። በሌላ በኩል በረጅሙ ተንፍሱ። አየሩ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ጠቧል። ጥብቅ ብሎ ያቀፋችሁ፣ ግን የማያፍናችሁ ሰደርያ ነው የምትፈልጉት።

ቀጥሎ ኮርቻ። ጥሩ መሸጫ ውስጥ መለማመጃ ኮርቻ አይጠፋም። ከሌለ ለመመለስ የሚፈቀድበትን ቀን ጠይቁና የተንጠለጠለውን የዋጋ ወረቀት ሳትቆርጡ በራሳችሁ ኮርቻ ላይ ሞክሩት። እንደምትጋልቡት ሆናችሁ ተቀመጡ። የጀርባው ጫፍ ኮርቻውን መንካት የለበትም፤ ከኮርቻው የኋላ ከፍታ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቢቀረው ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ካጠረ የታችኛው ጀርባችሁ ይጋለጣል። የእኔ ሰደርያ የወደቀው እዚህ ፈተና ላይ ነበር፤ እኔ ግን አልሞከርኩትም።

አሁን እርካብ ላይ ቁሙ። ለዝላይ እንደምታደርጉት ወደፊት አጎንብሱ። እጆቻችሁን ወደ ፈረሱ አንገት ዘርጉ፣ ክንዳችሁን አዙሩ። ብብት ስር የሚቆርጥ ነገር አለ? ሄልሜታችሁን አድርጋችሁ ቀና በሉና ሩቅ ተመልከቱ። የሄልሜቱ ጀርባ ሰደርያውን ከመታ ያ ሰደርያ ለእናንተ አይሆንም። በትላልቅ ጠፍጣፋ ክፍሎች የተሠራው ካስቸገራችሁ በትናንሽ የፎም ቁርጥራጮች የተሠራውን ሞክሩ። እሱ አብሮ ይታጠፋል፤ አየርም ያስገባል።

5. በአየር የሚነፋውስ?

ብዙዎች ይጠይቁኛል። በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰደርያው ከኮርቻው ጋር በገመድ ይያያዛል። ስትወድቁ ገመዱ ይሳባል፣ ውስጡ ያለችው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙስ ትከፈታለች፣ ሰደርያው ዐይን እስኪጨፈን ባልሞላ ጊዜ ይነፋል። ከፎሙ የተለየ ጥቅሙ አንዳንዶቹ አንገት ዙሪያም መነፋታቸው ነው።

ግን የፎሙን ሰደርያ ይተካል ብላችሁ አትግዙት። በሜዳ የመሰናክል ግልቢያ ውድድር የሚፈቀደው ከፎሙ ሰደርያ በላይ ሲለበስ ነው። የሚነፋበት ቦታ ስለሚፈልግ ከላዩ ጠባብ ኮት አይለበስም። ገመዱ እርካብ ላይ ለመቆም የሚያስችል ርዝመት ይኑረው፤ ከዚያ በላይ ከረዘመ ግን ዘግይቶ ይሳባል። ጠርሙሷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታገለግለው፤ መለዋወጫ ያዙ። ሲነፋ ደግሞ ድምፅ አለው። ፈረሳችሁ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ አለማምዱት። ከምንም በላይ ከፈረስ ከመውረዳችሁ በፊት ገመዱን መፍታት ልማድ ይሁናችሁ።

ለልጆች

ልጅ ያድጋል ብሎ ሰፋ ያለ መግዛት ለጫማ ይሆናል፤ ለዚህ ግን እባካችሁ አታድርጉት። የሰፋው ሰደርያ የሚዞረው ልጁ በወደቀበት ቅጽበት ነው። ዛሬ ልኩ የሆነውን ግዙ፤ በየጥቂት ወሩም እንደገና ለኩት።

ከገዛችሁ በኋላ

ያገለገለ ሰደርያ በርካሽ ስታገኙ ያጓጓል። ስንት ጊዜ እንደወደቀ ግን ሰደርያው አይነግራችሁም። ፎም ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊደክም ይችላል፤ እኔ ያገለገለ አልገዛም።

የራሳችሁን በፀሐይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ፎሙን ይጎዳል። ሰፊ መስቀያ ላይ ስቀሉት። ሽፋኑ የሚወልቅ ከሆነ በአምራቹ መመሪያ እጠቡት፤ ፎሙን ግን በእርጥብ ጨርቅ ከመጥረግ አትለፉ።

ከወደቃችሁና ጀርባ ወይም አንገት ካመማችሁ አትንቀሳቀሱ፤ ሰደርያውንም የሕክምና ባለሙያ ይክፈተው። ደህና ከሆናችሁ ደግሞ ቤት ስትደርሱ ፎሙን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ፈትሹት። የጎደጎደ ቦታ ካለ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ካልተመለሰ ያ ክፍል ሥራውን ጨርሷል፤ መቀየር አለበት። ባትወድቁም እንኳ አዘውትራችሁ የምትጋልቡ ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየራል። መቼ እንደገዛችሁት እንዳይጠፋችሁ ቀኑን ዛሬውኑ በማይለቅ ቀለም ውስጡ ላይ ጻፉት።