ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ፌስታል ለጥፉ

ለእንቁጣጣሽ ቤትን በአዲስ ቀለም መቀበል ደስ ይላል። ግን እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ነሐሴ ላይ ግድግዳው ውሃ እንደያዘ ነው። እኛ ቤት በጳጉሜን የተቀባው ክፍል ኅዳር ሳይገባ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል አብጦ፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ፌስታል ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ዘርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ አሽጉት። በማግስቱ ከሥሩ ጤዛ ካያችሁ ቀለሙ ይቆይ፤ ጥቅምትን ጠብቁ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ። የጭቃ ቤትማ ከዚያም በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 በ4 የሆነ ክፍል ከፍታው 2.7 ሜትር ቢሆን ግድግዳው 43 ካሬ ገደማ ይሆናል፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 39። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት ዙር 8 ሊትር ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙት፤ ኋላ የሚጨመረው መልኩ ሊለይ ይችላል።

ግድግዳውን ለማለስለስ የተለቀለቀውን ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጋችሁ በኋላ እባካችሁ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከዚያ ከኮርኒሱ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ።