ጥቁርና ነጭ ፊልም፦ የፊት ፎቶ ሲበላሽ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ፊልም ሲበላሽ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ኬሚካሉን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የፊልሙን ጠርዝ ነው። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ያሉት ቁጥሮችና የፊልሙ ስም ብርሃን ያረፈባቸው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ካሜራዎ አልነካቸውም። ስለዚህ ጥፋቱ የአነሳሱ ይሁን የእጥበቱ የሚለዩት እነሱ ናቸው።

ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው

ቁጥሮቹ ጠቁረው እየታዩ ምስል ከሌለ፣ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልተሳበም ወይም ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መከለያ) አልተከፈተም። ሌላ ፊልም ሲያስገቡ፣ በሳቡ ቁጥር የመመለሻው እጀታ አብሮ መዞሩን ያረጋግጡ። ቁጥሮቹም ከሌሉ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሞቷል፣ አለዚያም ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ቀድሞ ገብቷል። ያ ፊልም አይመለስም፤ ጠርሙሶቹ ላይ በትልቁ ይጻፉ።

ፊቱ ጠቁሯል፣ ነጠላው ያበራል

በእኛ አገር የፊት ፎቶ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይህ ነው። ኔጋቲቩ (ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ የሚታይበት የታጠበው ፊልም) ላይ ቁጥሮቹ ጥርት ብለዋል፣ ነጠላው ደልቧል፣ ፊቱ ግን ብርጭቆ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ነው። ነጭ ነጠላ ወይም የሀበሻ ቀሚስ የሚያየውን ቦታ ሲሞላበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ጠይሙ ፊት ነው። እጥበቱን ማርዘም ደግሞ አያድንም። ፊልሙ ላይ ያላረፈ ብርሃን በዴቨሎፐር አይፈጠርም፤ የሚጨምረው የነጠላው ንጣት ብቻ ነው፣ ጥበቡም ጭምር ይጠፋል።

መፍትሄው ከማጠብ በፊት ነው። ተነሺው በቆመበት ብርሃን መዳፍዎን ወደ ካሜራው አዙረው ብርሃኑን ከመዳፍዎ ላይ ይለኩ፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ (የብርሃኑን እጥፍ) ይጨምሩ። የመዳፍ ቀለም ከሰው ሰው ብዙም ስለማይለያይ፣ ከመካከለኛው ግራጫም አንድ ስቶፕ ያህል ስለሚነጣ፣ ይህ ዘዴ የሚያስተማምን ነው። ጥቁር ፊት ላይ ተጠግተው ከለኩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መለኪያው ፊቱን ሊያነጣው ስለሚሞክር አንድ ስቶፕ ያህል መቀነስ ይኖርብዎታል።

በቀትር ፀሐይ፣ የዓይን ጉድጓድ በጠቆረበት ሰዓት፣ ጥላ ፈልጎ መግባትን የሚያህል የለም። ጥላ ከሌለ የ400 ፊልሙን (ቁጥሩ ለብርሃን ያለው ትብነት ነው) የካሜራውን መለኪያ 200 ላይ አድርገው ያንሱና የእጥበቱን ጊዜ 15 በመቶ ያህል ያሳጥሩ። ኤችፒ 5 ፕላስ የተባለው የ400 ፊልም፣ ከእኩል ውሃ ጋር በተበጠበጠ አይዲ-11 ዴቨሎፐር፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ይታጠባል፤ እንዲህ ለተነሣው 11 ደቂቃ ይበቃዋል። ፊቱም ይወጣል፣ ጥበቡም ይታያል።

ምስሉም ቁጥሮቹም ሳስተዋል

ጥፋቱ የእጥበቱ ነው፦ ያረጀ ዴቨሎፐር፣ ያጠረ ጊዜ ወይም የቀዘቀዘ ውሃ። በክረምት የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ሳህን ውስጥ ያቆዩት። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ በ24 ዲግሪ ያው 13 ደቂቃ ወደ 9 ይወርዳል። ከ5 ደቂቃ ያነሰ እጥበት ወጥ ስለማይሆን፣ በሙቀት አገር ያልተበጠበጠ ዴቨሎፐር አልመክርም።

ማድያቱ ከፊቱ ቀድሞ ይታያል

ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም፤ ስለዚህ ቀላና ቡናማ የሆነውን ሁሉ ያጠቁራል። ለሽማግሌ ፊት ግርማ ይሰጣል፤ ለሙሽራ ግን አልመርጠውም። ለእሷ እንደ ትራይ-ኤክስ 400 ወይም ኤችፒ 5 ፕላስ ያለ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም ይያዙ። ብርቱካናማ ማጣሪያ ማድያቱን ያለዝባል፣ ቀዩ ከናካቴው ሊያጠፋው ይችላል፤ ከንፈሩን ግን አብሮ ያገረጣዋል። ቲ-ማክስ 100 እና ዴልታ 100 ቅንጣታቸው ደቃቅ በመሆኑ የቆዳውን ቀዳዳ ሳይቀር ይቆጥራሉ፤ በእጥበት ጊዜ ስህተትም ብዙ አይታገሡም።

ነጠብጣብና ጨረቃ

ኔጋቲቩ ላይ ክብ ብርሃናማ ነጥብ የአየር አረፋ ነው፤ ዴቨሎፐሩን እንደጨመሩ ታንኩን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ያድርጉት። የጨረቃ ቅርጽ ያለው ምልክት ፊልሙ ሪል (ታንኩ ውስጥ የሚገባው መጠቅለያ) ላይ ሲጠቀለል መታጠፉን ያሳያል። የውሃ እድፍ ከሆነ የመጨረሻውን እጥበት በተጣራ ውሃ ያድርጉት።

ፊልሙ ወተት መስሏል

ፊክሰሩ ሥራውን አልጨረሰም። አዲስ ፊክሰር ውስጥ መልሰው ይክተቱት፣ መብራት ቢበራም ችግር የለውም። ከመጀመርዎ በፊት ቁራጭ ፊልም ነክረው የሚጠራበትን ጊዜ ይለኩ፤ ያንን እጥፍ ያድርጉት። መጥሪያው ጊዜ ከአዲሱ ፊክሰር እጥፍ ከሆነ ይድፉት።

ጠርዙም ጭምር ግራጫ ጉም ለብሷል

ፊልሙ አርጅቷል፣ ሙቀት አግኝቶታል ወይም በአየር ማረፊያ ሲቲ ስካነር አልፏል። ከውጭ ፊልም የሚያመጣልዎት ዘመድ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው ይንገሩት። በእጁ ይዞ፣ ከካርቶኑ አውጥቶ በሚያሳይ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ።