ቅጠሉን ተዉት፣ ላስቲኩን አንሱ፦ ችግኝ ፍለጋ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤቴ ከእትዬ ጋር ለችግኝ ስንወጣ ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው «ዛሬ ደግሞ ስንት ልታመጡ ነው?» ይላሉ። «ለማየት ብቻ ነው» ይላሉ እትዬ። ማታ የቪትዟ የኋላ ወንበር ጫካ ሆኖ እንመለሳለን። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ እኔ ገና ሥራ ላይ ነኝ፤ የሚያገናኘን ይሄ በሽታ ብቻ ነው።

ሰሞኑን አዳዲስ ሰዎች አብረውን መምጣት ጀምረዋል። ደስ ይላል። ግን አንዱን ስህተት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ስላየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

መንገድ ዳር ያሉት ችግኝ ጣቢያዎች ችግኙን በጥቁር ላስቲክ አድርገው መሬት ላይ ይደረድሩታል። ቶሎ ያልተሸጠው እዚያው ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቆያል። ሥሩ በላስቲኩ ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያ ችግኝ የሚጠጣው ከላስቲኩ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉም የበለጠ ለምልሞ፣ ረዝሞ፣ ቅጠሉ አብረቅርቆ ይታያል። ጀማሪው ደግሞ ገና ከመኪና ሳይወርድ ዓይኑ እሱ ላይ ነው። «ያንን! ያንን ትልቁን!» ሻጩ ጎንበስ ይልና ይስባል። እምቢ ይለዋል። ሁለተኛ ሲስበው «ቋ!» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። እሷ ድምፅ ዋናው ሥር ስትበጠስ ነው። ሻጩ ፈገግ ብሎ ያስረክባችኋል፣ እናንተም ፈገግ ብላችሁ ትከፍላላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ይጠወልጋል። ውኃ አነሰው ብላችሁ ታጠጣላችሁ። አሁንም ይጠወልጋል፣ ትጨምራላችሁ፣ የቀረችውም ሥር ትበሰብሳለች። ከዚያ ምን ይባላል? «እኔ እኮ እጄ አያበቅልም።» ኧረ እጃችሁ ምንም አላደረገም! የገዛችሁት ላስቲክ ውስጥ የቆመ ቅርንጫፍ ነው። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ አንድ ዝግባ ገድያለሁ፤ የኪሎ ሥጋ ዋጋ ከፍዬበት፣ ሳምንት ሙሉ እያጠጣሁት።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ላስቲኩን ከታች ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ከተነሳ መልካም። መሬቱን ይዞ እምቢ ካለ፣ ትታችሁት አጠገቡ ያለውን ትንሹን ውሰዱ። ትንሹ ሥሩ ሙሉ ስለሆነ በሁለተኛው ክረምት ትልቁን ሊያልፈው ይችላል። የግድ ትልቁን ካላችሁ፣ ሥሩን በስለት አስቆርጣችሁ እዚያው ጥላ ሥር አስቀምጡልኝ በሉና ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። በሕይወት ካለ ክፈሉ።

ጽጌረዳ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ትናንት የተተከለ ቁራጭ ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ አበባ ያወጣል፣ ሥር ግን የለውም። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት። ካልያዘ ገና ነው።

ቅጠሉን ገልብጣችሁ ሳታዩ አትግዙ። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካለ ተባይ ነው። አዲስ የገባውንም ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። እኔ አላቆየሁም፣ በረንዳዬን ሙሉ ስጠርግ ከረምኩ።

ከፍታን መርሳት ሌላው ነው። ቢሾፍቱ 1900 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሽሮ ሜዳ 2600 ይደርሳል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ በመሃሉ የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ቀን ላይ ሹራብ ደርበን እናልፈዋለን። ማንጎ ግን ሹራብ የለውም። ከቢሾፍቱ ያመጣሁት ማንጎ ክረምቱን ተንፈላሶ፣ ኅዳርን ተቋቁሞ፣ ታኅሣሥ ላይ በአንድ ሌሊት ውርጭ ጥቁር ሆኖ አደረ። እትዬ መጥተው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆላ ነው አገሩ» ብለው ሄዱ። ስገዛው አጠገቤ ነበሩ! ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ዓይንሽ በርቶ ስለነበር» አሉኝ።

አቮካዶ ስትገዙ ሻጮቹ «የተዳቀለ» የሚሉትን ጠይቁ፤ ግን ስሙን አትመኑ፣ ግንዱን እዩ። ከአፈሩ ከፍ ብሎ ሁለቱ እንጨት የተጋጠመበት ጠባሳ መኖር አለበት። ከፍሬው የበቀለው ስድስት ሰባት ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ይሰጣል። ስትተክሉ ጠባሳውን አፈር አታልብሱት፤ ከጠባሳው በታች የሚወጣውንም ቀንበጥ ቁረጡት።

አንዲት ጓደኛችን ባቱ ዘመድ ጋ አንድ ፓፓያ ተክላ ወንድ ሆነባት። አበባው በረጅም ዘንግ ተንጠልጥሎ ያምራል፣ ፍሬ የለም። ፓፓያ ሦስት አራት ተክላችሁ አበባ ሲያወጡ ነው የሚመረጠው።

ሲያድግ ምን እንደሚያክል ሳያዩ የሚገዙ አሉ። ዝግባ ላስቲክ ውስጥ ስንዝር ተኩል ሆኖ ሲያዩት የጠረጴዛ ጌጥ ይመስላል። ከ40 ሜትር በላይ ሊሄድ የሚችል ዛፍ ነው! መቶ ካሬ ግቢ ውስጥ፣ ለዚያውም ከሴፕቲክ ታንከሩ ጎን ሲተከል አይቻለሁ። መጀመሪያ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሂዱና ዙሩ። ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ የሚኖረው ለአዲስ አበባ ብርድ አዲስ አይደለም። ኮሶውንም እዚያ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ወንድና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው፣ ቀላ ያለ ዘለላ የሚያንጠለጥለው ሴቱ ነው። እትዬ ይሄን ለስንተኛ ጊዜ እንዳስረዱኝ አላውቅም፣ ሁሌም እንደ አዲስ እሰማቸዋለሁ።

የሰው ግቢ ውስጥ ሳይጠይቁ ቅርንጫፍ መቀንጠስ ነውር ነው። ጠይቁ። አበባ የሚወድ ሰው ሲጠየቅ እምቢ አይልም፤ እንዲያውም ቡና አፍልቶ ያስቀምጣችኋል፣ የዚያን ቀን ሌላ ቦታ አትሄዱም።

ከዱር ነቅሎ ማምጣትም ይቅር። እንጦጦ ላይ ቀጋ ሊነቅል ዶማ የያዘ ልጅ አጋጥሞናል። ቀጋ በተፈጥሮ የአገራችን ጽጌረዳ ነው፣ ጋሬጣውም ራሱን ይከላከላል። ፍሬው ሲቀላ ለቅሞ ዘሩን መሞከር ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አልታገስም። ወደ ባቱ ስንሄድ ቆቃ አካባቢ ቆምን። አብራን የመጣች ልጅ ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ሐምራዊ አበባ አይታ ጫማዋን አወለቀች። «ለገንዳዬ!» እምቦጭ ነበር። ጣናን ያስጨነቀው ያው እምቦጭ! እትዬ በመምህርነት ድምፃቸው «ተመለሺ!» ሲሉ መንገድ ዳር የቆመው ባጃጅ ሹፌር ራሱ ደነገጠ። አበባው ያምራል፣ አልክድም። ከገንዳዋ በጎርፍ ወጥቶ ወንዝ ከገባ ግን ማን ይመልሰዋል?

መኪና ውስጥ ስላለው ሙቀት ደግሞ ይሄን ስሙኝ። ባለፈው ዓመት ቢሾፍቱ ላይ አራት የሚያማምሩ ፈርኖች ገዝተን መስኮቱን ዘግተን ምሳ ገባን። ሸክላ ጥብስ አዘዝን፣ ጨዋታው ደራ፣ ቡና ተደገመ። እኛ ጥብስ ስንበላ ፈርኖቹ መኪና ውስጥ ተጠበሱ። አንዱ ብቻ ተረፈ፣ እሱም እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። መጀመሪያ ምሳ፣ ከዚያ ችግኝ።

አብሯችሁ ከሚሄደው ሰው ጋር ደግሞ ቀድማችሁ ተስማሙ። እትዬ ሲከራከሩ ጎበዝ ናቸው፤ ችግሩ የሚወዱትን ሲያዩ ነው። «ውይ! ይሄን እኮ ስንት ዓመት ፈለግኩት!» ብለው ይጮኻሉ። ሻጩ ሰማ፣ ዋጋው እዚያው ተመነደገ። አሁን ምልክት አለን፤ የሚፈልጉትን ሲያዩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ እኔ ስለ ሌላ ተክል ዋጋ መጠየቅ እጀምራለሁ።

አንድ ብቻ የቀረ ተክል ስታገኙም አትጣሉ። ቀድሞ ያየው ይገዛል፣ ሲያድግ ለሌላው ቁራጭ ይሰጣል። ነጭና አረንጓዴ ቅጠል ያላትን ሞንስቴራ ቀድመው ያዩት እትዬ ናቸው። ሐምሌ ላይ ቁራጭ ቃል ገብተውልኛል። ትናንት ሄጄ ሳያት ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥታለች። «ገና ናት» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።