የዋሽንግተን በረራ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ደጋግመው የሚያሳስቱ ነገሮች

ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ ወዲህ «ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ያላለኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ራሳቸው አስልተው፣ ተሳስተው ነው የሚመጡት።

አንደኛው ስህተት መነሻን ከመድረሻ መቀነስ ነው። ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት የየከተማው ነው። ከቦሌ ከምሽቱ 4፡30 ተነስቶ በነጋታው ከጠዋቱ 2፡30 የሚደርስ በረራ 10 ሰዓት ይመስላል። በበጋቸው የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ 17 ሰዓት ነው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ልዩነቱ 8 ይሆናል።

ሁለተኛው፣ መሄጃና መመለሻን እኩል ማድረግ። ርቀቱ ያው ነው፤ 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ይቀዳል። የዋሽንግተኑ ዳላስ (Dulles) ኤርፖርት ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ሞልቶ ይነሳል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል። በ13 ሰዓት አካባቢ አዲስ አበባ ይገባል።

ካርታ ላይ ማስመሪያ የሚያስቀምጡም አሉ። ማስመሪያው በማሊ በኩል ይወስዳችኋል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ስፔንን ነክቶ ነው አትላንቲክ የሚገባው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የእኩለ ሌሊት በረራ! ለፈረንጅ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ለእኛ ሲነጋ። ትኬቱ «ሐሙስ 00፡40» ካለ፣ በእኛ አነጋገር ረቡዕ ሌሊት 6፡40 ነው። ረቡዕ ማታ ቦሌ መገኘት አለባችሁ። ስንቱን ሰው ነው ይሄ ጉድ የሠራው!

አንዲት እናት በአውሮፓ ትራንዚት ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ትኬት ቆረጥኩላቸው። ሐሙስ ማታ ቤተሰቡ በሁለት መኪና አጅቦ ቦሌ ወሰዳቸው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ በፌስታል ላይ ፌስታል ታስሯል። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ስልኬ ሲጮህ ገባኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ወረቀቱ ላይ 00፡40ን በእስክሪብቶ ከብቤ «እማማ፣ ሐሙስ ሌሊት ነው» ያልኳቸው እኔው ነኝ። የቀን መቀየሪያውን ቅጣት ከኪሴ ከፈልኩ። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ከዚያ ወዲህ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» ብዬ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ደንበኛውንም ጮክ ብሎ እንዲደግምልኝ አደርጋለሁ።

መስከረም 12ን ከሴፕቴምበር 12 ጋር የሚያምታታ ዛሬም አለ። ምን ልበል፣ ትኬቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ነው።

ዳላስ ሄዳችሁ ለምትቀበሉ ደግሞ፦ ስልካችሁ ላይ «አረፈ» ስላለ እናታችሁ በሩ ላይ ቆመዋል ማለት አይደለም። ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ አለ፣ በርበሬውን ከፍቶ የሚያይ ጉምሩክም አለ። ቡናችሁን ጠጥታችሁ ሂዱ።